የመተማ ወጪ

የሱቃችን መዝገብ ተገኘ። ከሁለት ዓመት በላይ ጠፍቷል ብለን ተስፋ የቆረጥንበት፣ አረንጓዴ ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ነው። ካርቱም ዴም ሰፈር የነበረው ሱቃችን ተዘርፎ የመደርደሪያው እንጨት ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዷል። ወረቀት የሚፈልግ ሌባ ግን አልነበረምና ደብተሩ በሲሚንቶ ከተሠራው ባንኮኒ ሥር አቧራ ለብሶ ቆይቷል። ያገኘው ጦርነቱን ኦምዱርማን ውስጥ ያሳለፈው ወንድማችን ነው። ማታ ኔትወርክ ሲያገኝ ደወለና ገጽ በገጽ ያነብልን ጀመር። ጎንደር ያለነው በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበን ሰማነው።

መጀመሪያ ያነበበው በዱቤ የወሰዱትን ሰዎች ስም ነበር። የምግብ ቤት ባለቤቶች፣ ዛፍ ሥር ቡናና ሻይ የሚያፈሉ እህቶቻችን፣ የሠፈር ሰዎች። አንዳንዱ ካይሮ ነው፣ አንዳንዱ ጁባ፣ አንዳንዱ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ሁለቱን «ነፍስ ይማር» ብለን አለፍናቸው። ከዚያ የወጪ ገጾች መጡ። በየወሩ ከላይ በትልቁ የተጻፈው ርእስ አንድ ነው፦ «የመተማ ወጪ»። ከሥሩ ጉምሩክ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ደላላ፣ አልጋ፣ ሻይ፣ ሌላ። («ሌላ» ምን እንደሆነ የድንበር ነጋዴ ሁሉ ስለሚያውቀው አናብራራውም።) አሥራ አንድ ዓመት ነግደናል፤ በደብተሩ ውስጥ ግን መተማ ከወጪ ዓምድ አንድም ቀን ወጥታ አታውቅም።

ካርቱም የተወለደችው ትንሿ ልጃችን ይህን ስትሰማ ቆይታ፣ «እኛ የኖርንባት መተማ ሌላ ናት እንዴ?» አለች። ሳቅን፤ ግን ነገሩ ከውስጣችን አልወጣም። ካርቱም ለኖርነው አብዛኞቻችን መተማ ማለት በር ማለት ነው። ፓስፖርት የሚመታበት፣ ዕቃ ከአይሱዙ ወርዶ በሱዳን መኪና የሚጫንበት፣ አንድ ሌሊት በሙቀትና በወባ ትንኝ መሐል የሚታደርበት። የሚኖርባት ሰው እንዳለ እንኳ የምናስታውሰው ዋጋ ስንከራከር ነው። ስለዚህ ይህን የምንጽፈው፣ እንደ ድሮው እንደኛ፣ መተማን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ለምታውቁ ነው።

መጀመሪያ መተማ ሁለት ናት። ድንበሩ ላይ ያለችው ከተማ መተማ ዮሐንስ ትባላለች፤ ወረዳዋ ግን ከከተማዋ እጅግ የሰፋች ናት። በአማራ ክልል በምዕራብ ጎንደር ዞን ትገኛለች፤ ቀድሞ በሰሜን ጎንደር ሥር ነበረች። የዞኑ መቀመጫ ገንዳ ውሃ ነው፤ ሸዲ ወይም ሸኸዲ እያልን በድሮ ስሙ የምንጠራው። ከጎንደር ተነስታችሁ በአዘዞ፣ በአይከል፣ በነጋዴ ባህር አድርጋችሁ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ስትወርዱ፣ ጋቢው መጀመሪያ ከትከሻ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ሹራቡ ይወልቃል፣ ኮኪት ላይ ስትደርሱ ሸሚዙም ይከብዳል። ወረዳዋ በደቡብ ቋራን፣ ያፄ ቴዎድሮስን አገር፣ ትዋሰናለች፤ በሰሜን አርማጭሆ፣ በምሥራቅ ጭልጋና ታቁሳ አሉ። በምዕራብ ከሱዳን ጋር የምትጋራው ወሰን ከ60 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከዚህ ሁሉ ርዝመት እኛ የምናውቀው አንዲቱን ድልድይና ማዶዋ ያለችውን ገላባትን ነው። የቀረው ገበሬው፣ እረኛው፣ ሌሊት የሚሄደው ሰው የሚያውቀው ነው።

ወንዞቿን እንኳ በቅጡ የለየናቸው ስንኖርባት ነው። ጓንግ ወደ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ ዓባይን የሚያገኘው ከካርቱም በስተሰሜን አትባራ ከተማ ላይ ስለሆነ ካርቱምን አያያትም። ሽንፋ ግን ውሃው ወደ ዓባይ ነው የሚወርደው፤ ከቱቲ ደሴት ፊት ለፊት ቁጭ ብለን ስናየው ከኖርነው ውሃ ጥቂቱ ከመተማ የመጣ ነበር ማለት ነው። የሽንፋ ነገር ሌላም አለው። በ2016 ዓ.ም አጋማሽ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ በዚህ ወንዝ ዳር ሽንፋ መተማ 1 ተብሎ በተሰየመ ቦታ ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎችን መኖሪያ ገልጿል። ኢንዶኔዥያ ያለው የቶባ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አየሩ ሲዛባ፣ እዚያ የነበሩት ሰዎች ደረቁን ጊዜ ያለፉት በወንዙ ውስጥ ከቀሩት ኩሬዎች ዓሣ እያጠመዱ ነው ይላሉ ተመራማሪዎቹ። ቀስት ሊሆኑ የሚችሉ ትናንሽ የድንጋይ ስለቶችም ተገኝተዋል። ይህን ስናነብ ትዝ ያለን ግንቦት ላይ ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ብቻ ሲቀር ዓሣ የሚያወጡት ልጆች ናቸው።

ሕዝቧ የተቀላቀለ ነው። ጉሙዞች ከሁሉ በፊት የነበሩ የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ቅማንት አለ፣ አማራ አለ፣ ትግራዋይ አለ፣ ሱዳናዊም አለ። በ1995 እና 1996 ዓ.ም በመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ከደጋ መጥተው የቀሩ ብዙ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከዳርፉርና ከዚያም ምዕራብ የመጡ ተክሩሮች ሠፍረውባት፣ ከደጋ የሚወርደው ቡናና ማር ከሱዳን ከሚመጣው ጨርቅ ጋር የሚለዋወጥባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ባሪያም ይሸጥባት ነበር፤ ይህንም መደበቅ አያስፈልግም። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1850ዎቹ አልፎባት ገበያዋን ጽፏል። ስለዚህ እኛ የጀመርነው አዲስ ነገር የለም።

አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚህ ነው፤ የከተማዋ ስም ከሳቸው ነው። የንጉሡ ራስ ተቆርጦ ኦምዱርማን ላለው ለኸሊፋው ተላከ። ብዙዎቻችን ኦምዱርማን ሱቅ ስንመላለስ የኸሊፋውን ቤት፣ አሁን ሙዚየም የሆነውን፣ አጠገቡ እያለፍን ይህን ታሪክ ሳናስበው ኖረናል። በ1894 ዓ.ም አፄ ምኒልክና እንግሊዞች የወሰን ውል ተፈራረሙ፤ በማግስቱ ዓመት ሻለቃ ጉዊን የተባለው መኮንን በምድሩ ላይ ምልክት እያደረገ ሄደ። ዛሬ ድረስ በአልፈሽቃ ለሚነሳው ክርክር ሁሉ የሚጠቀሰው ስም የሱ ነው። በጥቅምት 1933 ዓ.ም ደግሞ እንግሊዞች ከገላባት ተነስተው መተማ ላይ ያለውን ጣሊያን ለማስለቀቅ ሞክረው ሳይሆንላቸው ቀረ። ያን ጊዜ ጃንሆይ ካርቱም ነበሩ። የሚገርመው፣ ካርቱምና መተማ በታሪክ ስማቸው አብሮ የሚነሳው ወይ በጦር ነው ወይ በገበያ።

እኛን ያገናኘን ሁለቱም ነው።

ቅዳሜ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም የፋሲካ ዋዜማ ነበር። የጎረቤቶቻችን ረመዳን ሊፈታ አንድ ሳምንት ያህል ይቀረዋል። ዶሮው ተገዝቷል፣ ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ የምግብ ቤት ደንበኞቻችን ለበዓሉ የሚሆን በርበሬና ቅቤ ከሐሙስ ጀምሮ ጨርሰው ወስደዋል። ጠዋት ተኩሱ ሲጀመር ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ስለነበር መጀመሪያ ለበዓል የሚተኮስ መስሎን የሳቅንም ነበርን። ያን ዕለት ሌሊት ማንም ቤተ ክርስቲያን አልሄደም፤ ፋሲካን የፈታነው አልጋ ሥር ተኝተን ነው። ውሃና መብራት ሲጠፋ፣ ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ሲወጡ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን እኛም ወጣን። አንዱ ወንድማችን «ሱቁን ማን ይጠብቃል?» ብሎ ቀረ። ሱቁን መጠበቅ አልቻለም፤ ኦምዱርማን ተሻግሮ ራሱን ግን ጠበቀ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ወድ መደኒ፣ ገዳሪፍ፣ ዶካ፣ ገላባት። ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ያንን መንገድ በእንቅልፍ እንኳ እናውቀዋለን፤ ያን ጊዜ ግን ጭነት የለንም፣ ደረሰኝ የለንም፣ የአውቶቡሱ ዋጋ ብቻ ከለመድነው ብዙ እጥፍ ሆኗል። ድልድዩ ላይ የደረስነው ከቱርኮች፣ ከሶማሌዎች፣ ከኤርትራውያንና ከሱዳናውያን ጋር ተሰልፈን ነው። ሁልጊዜ ጉምሩክ ፊት ቀድሞ ለመድረስ የምንጋፋበት ቦታ ላይ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ቆሟል።

ከተማዋ ውስጥ አንዲት የቅመም ደንበኛ አለችን። ዕድሜዋ ከእናቶቻችን ጋር ስለሚቀራረብ እትዬ ነው የምንላት። በርበሬ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሽምብራ ከደጋ እያስመጣች ለካርቱምና ለገዳሪፍ ነጋዴ ታስረክባለች። በመጋቢት ለፋሲካ ገበያ ሦስት ኩንታል ዛላ በርበሬና አንድ ኩንታል ዝንጅብል በዱቤ ወስደንባት ነበር፤ በደብተሩ ላይ 110,000 ብር ተብሎ ተጽፏል። ከበዓሉ በኋላ ልንልክላት ነበር የተስማማነው። አሥራ ሦስት ነፍስ ሆነን፣ ልጅ አዝለን፣ ያለ አንድ ሳንቲም ልንከፍላት ዕዳ ያለብንን ሴት በር አንኳኳን። እትዬ በሩን ከፍታ ቆጠረችን። «አንዱ የት አለ?» አለች። ስለ በርበሬው አልጠየቀችም።

ሰባት ወር ኖርን።

መተማን ያወቅናት ያን ጊዜ ነው። ሚያዝያና ግንቦት የእሳት ወራት ናቸው፤ ሙቀቱ እስከ 43 ዲግሪ ይደርሳል። ማንም ቤት ውስጥ አያድርም። አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ውሃ የነካው ነጠላ ይለበስና ይተኛል። ካርቱም የለመድነው ስለሆነ በዚህ እንኳ አልተቸገርንም፤ ከደጋ የመጡት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው ሲያዩን የሚቀኑት። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ሲጥል ደግሞ ዋልካው አፈር ይይዛል፤ ጫማ ሁለት እጥፍ ይከብዳል፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ ሠፈር ሁሉ ይቆረጣል።

ያን ጊዜ ሰሊጥ ይዘራል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር እንናገር። እኛ «የመተማ ዕቃ» እያልን በካርቱም የሸጥነው ሁሉ የመተማ አልነበረም። ቡናው ከወለጋና ከጅማ፣ ጤፉ ከጎጃም፣ በርበሬው ከቡሬ አካባቢ፣ ኮረሪማው ከደቡብ ምዕራብ ነው የሚመጣው። የመተማ የራሷ የሆነው ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ ጥጥ፣ ዕጣንና ከብት ነው፤ ይህን ደግሞ ነግደንበት አናውቅም። ሱዳን የራሷ ሰሊጥ አላት፣ ገዳሪፍ የሰሊጥ አገር ናት፤ ለካርቱም ሰሊጥ መሸጥ ለወንዝ ውሃ እንደ መሸጥ ነው። ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰሊጡን ማሳ መሐል ለመሐል እያቋረጥን ስናልፍ መስኮቱ ላይ እንተኛ ነበር።

ሰሊጥ ቀጠሮ አይጠብቅም። ተዘርቶ ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው ይደርሳል፤ ፍሬው ከታች ወደ ላይ መብሰል ይጀምራል፤ ጥቂት ቀን ከዘገዩበት ቆባው ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል። ያን ጊዜ የገበሬው የዓመት ልፋት በአንድ ሳምንት ይጠፋል። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት የሰው ጉልበት ከወርቅ ይወደዳል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወጣት ከጎጃም፣ ከጎንደር ደጋ፣ ከወሎ ወደ መተማ፣ ቋራና ሁመራ ቆላ ይወርዳል። አገሬው ሳሉግ ይላቸዋል። በአይሱዙ ላይ ቆመው ይመጣሉ፤ አንድ ማጭድ፣ አንድ ፌስታል፣ አንዳንዱ ደብተር ይዟል፤ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ያልገባው ለዚህ ነው። የታጨደው ሰሊጥ በነዶ ታስሮ፣ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ክምር ይሠራል፤ ሂላ ይባላል። ሲደርቅ ሸራ ይነጠፍና ተገልብጦ ይራገፋል። ድምፁ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር ያለውን ይመስላል።

ከእኛ መሐል ሁለቱ ያን ጥቅምት ማጨድ ገቡ። ነጋዴ ጀርባው ለሚዛን እንጂ ለማጭድ አልተሠራም፤ በሦስተኛው ቀን አንዱ ቀረ፣ ሌላው ግን አሥራ ስምንት ቀን ቆየ። የሚያድሩት ራኩባ ሥር ነው፤ የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ ውሃው ከበርሜል። ማታ ማታ ሳሉጎቹ በሞባይል ስለ አንድ ነገር ብቻ ይነጋገሩ ነበር፤ የሚቀጥለው ማሳ በቀን ስንት ይከፍላል። ደላላ ሳይኖር፣ ጉምሩክ ሳይኖር፣ ገበያውን ከኛ በላይ ያውቁታል። ሰሊጡ መተማና ጎንደር ባሉት የምርት ገበያ መጋዘኖች ደረጃ ወጥቶለት ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዷ ቻይና ናት። በጠዋቱ ያጨደው ልጅ ግን ሰሊጥ የሚበላ ሰው አይቶ አያውቅም። «ምን ያደርጉታል?» ብሎ ጠየቀን። ካርቱም ጠሂና በዳቦ ስንበላ እንደኖርን ነገርነው፤ አላመነም።

በሽታውን ሳንናገር አናልፍም፤ ከናንተ መሐል ወንድም ወይም ልጅ ወደዚያ የሚልክ ሊኖር ይችላልና። ወባ አለ፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ትንሿ ልጃችንም ሁለት ጊዜ ታማለች። ብዙ ሰው የማያውቀው ካላ አዛርን ነው። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል ከትንኝ ያነሰች በራሪ ናት፤ በተሰነጠቀ ዋልካ መሬት፣ በኩይሳና በግራር ዛፍ አካባቢ ትኖራለች፤ ሳሉጉ ደግሞ የሚተኛው እዚያው ግራር ሥር ነው። ከደጋ የመጣ ሰው ሰውነቱ አላወቃትምና ቶሎ ይጠቃል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል፣ ሰውየው ይከሳል፣ በግራ ጎኑ ጣፊያው ያብጣል። ወባ ነው እያሉ የወባ መድኃኒት ሲደጋግሙለት ጊዜው ያልፋል፤ ካልታከመ ይገድላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ በሽታ ብቻ የቆመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው። ወንድማችን አብሮት ያጨደ አንድ የደብረ ታቦር ልጅ ይህ ይዞት፣ ሱሪውን በገመድ አስሮ ሲሄድ አይተነዋል። ወደ ጎንደር በተላከ በሁለተኛው ወር ደውሎ «ሱሪዬ ጠበበኝ» አለን። መርፌው በየቀኑ የሚሰጥና የሚያም ነው፤ እሱ ግን የሚያማርረው ያልተከፈለውን የአራት ቀን ሥራ ነበር።

ዕጣኑንም ቶሎ እናንሳው። ካርቱም ቤታችን ቡና ስናፈላ የምናጨሰው ዕጣን አንዳንዱ ከዚህ ነው። ዛፉ ከዝናቡ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ ቅርፊቱ መንጋፍ በሚባል መሣሪያ ይፋቃል፤ የሚወጣው ሙጫ ሲደርቅ ይለቀማል፤ እንደገና ይፋቃል። ትልልቁ ዛፍ እያረጀ ነው፣ ከሥር የሚተካው ችግኝ በእሳትና በከብት አልፎ አያድግም፤ የሰሊጥ ማሳም እየገፋው ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ «እኔ ስመጣ እዚህ ጅብ ነበር፣ አሁን ትራክተር ነው» አሉን። የትኛውን እንደሚመርጡ አልነገሩንም።

ያን ሰሞን መተማ ውስጥ ነገሮች ተገልብጠው ነበር። ካርቱም ስንኖር እኛ እንግዳ ነን፤ የመኖሪያ ፈቃድ ጠያቂው፣ ኬላ ላይ የሚወርደው እኛ ነበርን። አሁን ሱዳናውያኑ መጡ። መጀመሪያ ኩመር፣ ቆይቶም አውላላ የስደተኛ ጣቢያ ተከፈተ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ የዴም ጎረቤታችንን፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት የነበሩ ትልቅ ሰው፣ ቲማቲም ሲመርጡ አገኘናቸው። ስንቴ ለልጆቻችን መድኃኒት በዱቤ ሰጥተውናል። ተቃቅፈን አለቀስን። እትዬ ግቢ ወስደን ቡና ዝንጅብል ጨምረን፣ እንደሳቸው አገር ደንብ፣ አፈላንላቸው። እሳቸው ግን ሲነሱ፣ «ከመሸ ወደ ጣቢያው መሄድ አልችልም፣ አሳድሩኝ» አሉ። ምን እንደሚፈሩ እናውቃለን። ዘራፊ ነበር፤ መሣሪያ የያዘ፣ ስልክና ገንዘብ የሚነጥቅ፣ ሰው የሚያግት። በ2016 ዓ.ም ሚያዝያ መጨረሻ ከአውላላ ብዙ ስደተኞች በዝርፊያና በጥቃት ተማረው ጣቢያውን ለቀው ወጥተው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሲቀመጡ፣ እኛ ጎንደር ገብተን ነበር። በሰላሙ ጊዜ ካርቱም ሌሊት ስድስት ሰዓት ሱቅ ዘግተን በእግራችን ቤት እንገባ ነበር። ይህን ለማን ይነግሩታል። መተማን እያመሰገንን ይህን ብንተወው ግን ደብተር አጭበርብረን የዘጋን ያህል ነው።

መንገዱም የታወቀ ነው። ከጎንደር መተማ ያለው መስመር በግጭትና በእገታ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። በነሐሴ 2015 የክልሉ ጦርነት ሲጀመር ዝንጅብል የጫነ መኪና አይከል ላይ ቆሞ ዝንጅብሉ እስኪያጎነቁል ቆየ። በ2016 ዓ.ም ነሐሴ መጨረሻ ደግሞ መተማ ዮሐንስ ላይ ውጊያ ሲሆን ሱዳን የገላባትን በር ዘጋች። በር ሲዘጋ ካርቱም ያለ ሰው የሚያስበው ዕቃው ቆመ ብሎ ነው። መተማ ውስጥ ግን ጫኝና አውራጁ ምሳ አይበላም፣ አልጋ የምታከራየዋ ሴት የልጅ ደብተር አትገዛም፣ መንዛሪው ወንበሩን አጥፎ ይገባል፣ ከሱዳን የሚመጣው ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና በሳምንት ውስጥ ይወደዳል። «የመተማ ወጪ» ብለን የጻፍነው ገንዘብ የነዚህ ሰዎች ገቢ ነበር። ይህን ለማወቅ ሒሳብ መማር አያስፈልግም ነበር፤ እኛ ግን ሳናስበው ኖረናል።

አሁን ወደ ዕዳው። ወንድማችን ደብተሩን ሲያነብ «እትዬ፣ 110,000» የሚለው ገጽ ላይ ደረሰና ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ነበር።

በቤታችን ሁለት ሐሳብ ሆነ። አንዳችን፣ «ጦርነት ነው የበላው፤ ለኛም ያልተከፈለን አለ፤ በሱዳን ፓውንድ የቀረልን ዱቤ ሁሉ ዛሬ ቢከፈል እንኳ የሻይ ዋጋ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ሌላችን፣ «ብሩን እንክፈላት፣ 110,000 አይደል የተጻፈው?» አለች። ነገር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ 110,000 ብር ያ የ2015ቱ 110,000 ብር አይደለም። በዶላር እንቁጠረው ብንል እኛ አንችልም፤ እንዳለ ብንሰጣት እሷ ትጎዳለች። በዚያ ላይ የሰባት ወር አልጋ አለ፤ አሥራ ሦስት ሰው፤ የበላነው፣ የጠጣነው፣ የታመመችው ልጅ የሄደችበት ባጃጅ። ይህ የትም አልተጻፈም። በደብተራችን ታሪክ መተማ አንድ ሳንቲም ያላስወጣችን ያን ሰባት ወር ብቻ ነው።

በመጨረሻ ደውለን እሷኑ ጠየቅናት። ስለ ደብተሩ ነገርናት፤ መጀመሪያ የጠየቀችው ወንድማችን ሱቁ ውስጥ ብቻውን ነው ወይ የገባው፣ ፈንጂ ቢኖርስ ብላ ነው። ከዚያ ቁጥሩን ነገርናት። ሳቀች።

«ልጆቼ፣ እኔ ብር አልሰጠኋችሁም» አለች። «በርበሬ ነው የሰጠኋችሁ። በርበሬ መልሱልኝ። በብር ከቆጠርነው ወይ እናንተ ታለቅሳላችሁ ወይ እኔ አለቅሳለሁ።»

የአልጋውን ስናነሳ ስልኩን ዘጋችብን።

ከቡሬ የሚያመጣልን ሰው አግኝተን በመስከረም አንድ ኩንታል ላክን። ዛላው ረጅም፣ ቀለሙ ደማቅ፣ የደረቀ ነው፤ እሷ ራሷ የምትመርጠው ዓይነት። ደርሶኛል ብላ አስነገረች፤ ሚዛኑም ልክ ነው። ወንድማችን ካርቱም ሆኖ በዚያው አረንጓዴ ደብተር ላይ ቀኑን ጻፈ። ሁለት ኩንታል በርበሬና ዝንጅብሉ ይቀራል።